ካርታውን አይታችኋል፤ ፕላኑንስ?

ቤት ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ካርታ አለው ወይ?" ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን እዚያው ላይ እናቆማለን። ካርታውን እናገላብጣለን፣ ማኅተሙን እናያለን፣ ዕዳና እገዳ እናጣራለን፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄደን እንፈርማለን። ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው።

የኔ አቋም አጭር ነው። የፕላን መረጃ ያልተያያዘበት የቤት ሽያጭ ውል መመዝገብ የለበትም። ይህን ለገዢው ጉብዝና መተው አይበቃም፤ በሕግ ግዴታ ይሁን።

ለምን? እስቲ ካርታ በእርግጥ ምን እንደሚሰጠን እንይ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አይሸጥም፣ አይለወጥም። የግለሰቡ ንብረት የሚባለው በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ያቆመው ነገር ነው። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ በከተማም የግል የሚባል መሬት የለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ገበያ ላይ ስንወጣ ግን ሁላችንም እንረሳዋለን። አስፋልት ዳር ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት በውድ ዋጋ የሚሸጠው ጭቃው ውድ ሆኖ አይደለም። የሚከፈለው ለቦታው ነው። ደላላውም ሲያሻሽጥ "ቤቱን ተወው፣ ቦታውን እይ" ነው የሚለው።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በገበያው ለቦታው ትከፍላላችሁ፤ መንግሥት ቦታውን ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው ግን ካሳው የሚሰላው በላዩ ባለው ንብረት ነው። የቤቱ ግምት የሚወጣው ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ ምን ያህል ይፈጃል ተብሎ ነው። አስፋልት ዳር መሆኑ ከስሌቱ አይገባም። በእርግጥ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በብዙ ይሻላል። የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳና ማኅበራዊ ትስስር ሲቋረጥ የሚከፈል ካሳ አምጥቷል፣ ምትክ ቦታ ወይም ቤትም አለ።  ቀላል ለውጥ አይደለም። ቢሆንም ባለፈው ዓመት ገዝቶ ዘንድሮ "ተነሺ ነህ" የተባለ የከተማ ሰው፣ በከፈለው ዋጋና በሚሰጠው ካሳ መካከል ያለውን ልዩነት ከራሱ ኪስ ነው የሚሞላው። ሻጩ ብሩን ይዞ ሄዷል።

ይህ ሁሉ ደግሞ ከሰማይ ዱብ አይልም። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በፕላን ላይ ተሰምሮ ይገኛል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ከተሞች መዋቅራዊ ፕላን ያወጣሉ። ዋና ዋና መንገዶች የት ያልፋሉ፣ አረንጓዴ ቦታው የቱ ነው፣ የቱ ለመኖሪያ የቱ ለንግድ ይሆናል የሚለው እዚያ ላይ አለ። ከሱ ሥር ደግሞ ዝርዝሩን የሚይዝ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። መዋቅራዊ ፕላን 10 ዓመት ያገለግላል። ካርታችሁ ላይ ያለው በዋናነት የቦታው ስፋትና ወሰን ነው፤ የቦታው ዕጣ ፈንታ ያለው ግን ፕላኑ ላይ ነው።

በምሳሌ እንየው። በመንገዱ በኩል 10 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 20 ሜትር የሆነ ግቢ ገዛችሁ እንበል፤ ስፋቱ 200 ካሬ። ፊት ለፊቱ ያለው የኮብልስቶን መንገድ 6 ሜትር ነው። ፕላኑ ላይ ግን መንገዱ 15 ሜትር ሆኖ ተሰምሯል። ከግራና ከቀኝ እኩል ይስፋ ቢባል ከእናንተ በኩል 4 ሜትር ተኩል ይሄዳል፣ ማለትም 45 ካሬ። ዛሬ አጥሩን የሚነካ የለም፣ ጎረቤትም ምንም አይላችሁም፣ ካርታውም 200 ካሬ እንደሚል አለ። ነገሩን የምትሰሙት የግንባታ ፈቃድ ልትጠይቁ ፕላን ስምምነት (ግንባታው ከከተማው ፕላን ጋር ይስማማል የሚል ማረጋገጫ) ለማግኘት ስታመለክቱ ነው። ያን ጊዜ ባለሙያው በስክሪኑ ላይ ያለውን ቀይ መስመር ያሳያችኋል። ገንዘባችሁን ከፍላችሁ ጨርሳችኋል፣ ስምም ዞሯል።

ስም ማዛወር ካነሳን አይቀር፣ በነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ በተያዘ ቦታ) ገበያ የተለመደች አንዲት ዘዴ አለች። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ ማለትም ገዢው ቦታውን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ይይዛል። ይህንንም ታክሱንም ለመሸሽ ብዙ ሰው ስም ሳያዞር በውክልና ብቻ ገዝቶ ይቀመጣል። ወካዩ፣ ማለትም ሻጩ፣ ከሞተ ውክልናው አብሮት ያበቃል፣ ወራሾች ብቅ ይላሉ። ቦታው ለልማት ሲፈለግም ደብዳቤው የሚጻፈው ካርታው ላይ ላለው ስም ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ፕላን መጠየቅም ቅንጦት ነው፤ በስሙ ምንም የለውማ።

ወደ ሐሳቤ ልመለስ። ውልና ማስረጃ ዛሬም ዝም ብሎ አይመዘግብም። ካርታውን ያያል፣ እገዳ ያጣራል፣ ሻጩ ያገባ ነው ያላገባ የሚል ማስረጃ ሳይቀር ይጠይቃል። ከዚህ ላይ አንድ ገጽ መጨመር ምን ይከብዳል? ቦታው ለምን አገልግሎት ተመድቧል፣ የሚነካው የመንገድ መስመር አለ ወይ፣ ስንት ፎቅ ይፈቀዳል፣ መልሶ ማልማት ክልል (አሮጌ ሰፈር ፈርሶ እንደ አዲስ የሚሠራበት) ውስጥ ነው ወይ፤ በቃ ይኸው ነው። አሁን ባለው አሠራር ይህን መረጃ ልጠይቅ ያለ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ "ካርታው በስምህ ነው?" ይባላል። ስለዚህ ሻጩ ካልተባበረ ገዢው ምንም ማወቅ አይችልም፤ ሻጩ ደግሞ የሚደብቀው ነገር ካለው ለምን ይተባበራል?

ፕላን ለሁሉም ክፍት ከሆነ ሰው እየሮጠ መንገድ የሚወጣበት ቦታ ላይ ዋጋ ያንራል የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ይህን የሚሉት ሰዎች ከየትኛው ከተማ እንደመጡ እንጃ። መንገድ የት እንደሚወጣ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው መቼም ጠፍቶ አያውቅም። ቢሮ ውስጥ ዘመድ ያለው ያውቃል፣ ነቄ የሆነ ደላላም ያውቃል። ዝግ በመሆኑ የተጎዳው ዘመድ የሌለው ገዢ ነው።

የበለጠ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ፕላኑ ራሱ ከተቀየረስ? ይቀየራልም። የ2016ቱን የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ያየ ሰው የአንድ ሰፈር መልክ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለወጥ ያውቃል። ስለዚህ ወረቀቱ ቀን ይኑረው፣ የሚያገለግልበትም ጊዜ ይጻፍበት፣ ለምሳሌ 1 ዓመት። በዚያ ጊዜ ውስጥ መረጃውን የሰጠው የመንግሥት ቢሮ የጻፈው ነገር ስህተት ሆኖ ከተገኘ ለገዢው የሚከፍለው ቢሮው ይሁን። ፕላኑ በሕጋዊ መንገድ ተሻሽሎ ከሆነ ደግሞ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የገዛ ሰው ካሳ ሲሰላለት በውልና ማስረጃ የተመዘገበው የሽያጭ ዋጋ ከግምት ይግባለት። እግረ መንገዱንም ታክስ ለማሳነስ ውል ላይ ግማሹን ዋጋ ብቻ የሚያስጽፍ ሁሉ ደግሞ ቆም ብሎ ያስባል።