የኮራል ዓሣ ለማንሣት የሚያስብ ካሜራውን መጨረሻ ይግዛ

ሐዋሳ ላይ በሠርግና በምርቃት ቀረጻ የሚተዳደር ባለሙያ አንድ ቀን ጅቡቲ ወይም የግብፅ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወርጄ የኮራል ዓሣ ላንሣ ብሎ ሲያስብ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ብር ማጠራቀም ይጀምራል። እኔ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ። ውኃ ውስጥ ፎቶ የሚያበላሹት ነገሮች አብዛኞቹ ከካሜራው ዓይነት ጋር አይገናኙም። አንሺው ውኃ ውስጥ ረግቶ መቆም ስለማይችልና ብርሃን እዚያ ታች ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ የሚመጡ ናቸው። የሁለቱንም መሠረት እዚሁ ሐዋሳ፣ በጥቂት ወጪ መያዝ ይቻላል።

«ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ኮራል ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ከቦሌ ጅቡቲ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይርቅ በረራ ነው፤ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ዙሪያቸው ኮራል ነው፣ ከከተማው በጀልባ ይደረስባቸዋል። ክርክሩን እዚህ ላይ ልተወው።

መርጋትን እናስቀድም። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ከባሕሩ ኖራ እየሠሩ የገነቡት። ድፍኑ ዓይነት በዓመት ከ0.3 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ቅርንጫፋሙ ደግሞ ቢፈጥን 10 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። በአንድ የእግር ምት የሚሰበረው የዓመታት ዕድገት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ በሴንት ሉሲያ ደሴት ጠላቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ካሜራ የያዙት ካልያዙት ይበልጥ ኮራሉን እንደሚነኩ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓይን ስክሪኑ ላይ ሲተከል እግር ይረሳል፤ ምስሉን ለማርጋት ተብሎም አንድ እጅ ኮራሉን ይጨብጣል። ያ እጅ ደግሞ ድንጋይ መስሎ የተኛውንና ጀርባው ላይ መርዛማ እሾህ ያለውን ዓሣ ሊያገኝ ይችላል፤ በቀይ ባሕር ይኸኛው ብርቅ አይደለም።

ጀማሪ የማይረጋበት ዋናው ምክንያት ከሚገባው በላይ እርሳስ ቀበቶው ላይ መታጠቁ ነው። ክብደቱ ሲጎትተው በአየር የሚነፋውን የመጥለቂያ ጃኬቱን ይሞላል፤ ጃኬቱ ደረቱን ወደ ላይ፣ እርሳሱ ወገቡን ወደ ታች ይስቡታል። ሰውየው ተጋድሞ መንሳፈፍ ሲገባው ሽቅብ ቆሞ ይዋኛል፣ ፊኑም (የእግር መቅዘፊያው) ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይደበድባል። መለኪያው ቀላል ነው። ውኃው ላይ ሆኖ ጃኬቱን ባዶ ማድረግ፣ መደበኛ ትንፋሽ ስቦ መያዝ፤ ውኃው ዓይን ትክክል ላይ ከቆመ ክብደቱ ልክ ነው፣ ሲተነፍስ ቀስ ብሎ መስጠም አለበት። ልኬታው በሙሉ የአሉሚኒየም የአየር ሲሊንደር ከተደረገ 2 ኪሎ ገደማ ይጨመራል፤ አየሩ ሲያልቅ ሲሊንደሩ ይቀላልና። ጨዋማ ውኃ ከመዋኛ ገንዳ ውኃ በ2.5 በመቶ ገደማ ስለሚከብድ፣ ከነዕቃው 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባሕር ላይ ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር ይኖርበታል። ገንዳ ውስጥ የተለካውን ይዞ ባሕር የሚገባ ሰው መስጠም አቅቶት ሲታገል የሚታየው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ከፍታ የሚስተካከለው በሳንባ ነው። ትንሽ ሲስቡ ከፍ፣ ሲያስወጡ ዝቅ ይላሉ። ፎቶ አንሺዎች የየብስ ልማዳቸውን ይዘው ቁልፉን ሲጫኑ ትንፋሽ ይይዛሉ። ከሲሊንደር እየተነፈሱ ይህን ማድረግ አደገኛ ነው፤ ሳይታወቅ ከአንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት እንኳ ወደ ላይ ቢነሡ የታመቀው አየር ተስፋፍቶ ሳንባ ሊጎዳ ይችላል። በዝግታ እያስወጡ መጫን ነው።

ይህን የት እንለማመድ ለሚል፣ የሐዋሳ ሐይቅ ይቅር። ውኃው ድፍርስ ነው፣ ዳርቻው ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬውም የቀልድ አይደለም። የሆቴል መዋኛ ገንዳ ይበቃል። የመጥለቂያ ሲሊንደር ባይገኝ እንኳ በማስክ፣ ስኖርክል በሚባለው መተንፈሻ ቱቦና በፊን ብዙ መሥራት ይቻላል። አንድ ሳንቲም ወይም የፕላስቲክ አሻንጉሊት ወለሉ ላይ አስቀምጦ፣ ወለሉን ሳይነኩ በግማሽ ሜትር ርቀት ማንሣት፤ የወለሉ ንጣፍ መስመር ምስሉ ውስጥ ከተጣመመ ወይም ከደበዘዘ ሰውነት አልረጋም ማለት ነው። ፊኑን ወደ ታች ሳይሆን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን መምታትን ያለ ካሜራ መጀመር፣ ከተለመደ በኋላ በካሜራ መድገም። ትንፋሽ ይዞ መጥለቅን ግን ብቻውን የሚሞክር ሰው አይኑር፤ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ላይ ሆኖ ይጠብቅ፣ ከመጥለቅ በፊትም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ አይገባም። አለዚያ ገንዳ ውስጥ ራስን ስቶ መቅረት ይኖራል።

ወደ ብርሃን ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ውኃ ብርሃንን እየመረጠ ነው የሚውጠው። ቀይ 5 ሜትር ገደማ ላይ ይደበዝዛል፣ ብርቱካናማና ቢጫ ይከተሉታል፣ ሰማያዊ መጨረሻ ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን፣ የሚቆጠረው ጥልቀት ብቻ ሳይሆን ብርሃኑ ውኃ ውስጥ የተጓዘው ርቀት በሙሉ መሆኑን ነው። 10 ሜትር ላይ ያለን ዓሣ 2 ሜትር ርቆ ያነሣ ሰው ብርሃኑን 12 ሜትር ውኃ አሳልፎታል። ፍላሽም 1 ሜትር ላይ ላለ ነገር ሄዶ ሲመለስ 2 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ከ1.5 ሜትር በላይ ለራቀ ነገር ፍላሽ ማብራት ባትሪ መጨረስ ነው። በማስክ ሲታይ ደግሞ ሁሉ ነገር በሲሶ ያህል የገዘፈና በሩብ የቀረበ ይመስላል፤ ቅርብ ነው ተብሎ የተነሣው ዓሣ ከታሰበው ይርቃል። ቀለሙ ካልተቀረጸ በኋላ በኮምፒውተር ቀይ መጨመር የሚያመጣው ነጠብጣብ እንጂ ዓሣውን አይደለም። ቢሆንም በራው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) መቅረጽ ግድ ነው፣ ዋይት ባላንሱ (የቀለም ሚዛኑ) ኋላ ይስተካከላልና።

እዚህ ላይ የሐዋሳ ሠርግ አንሺ ከሌላው ይቀድማል እላለሁ። ከተማችን ከሐይቁ ምሥራቅ ስለሆነች ጀምበር ሐይቁ ላይ ነው የምትጠልቀው፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሙሽሮችን በፍላሽ አብርቶ ሰማዩን በሹተር (ብርሃን በሚገባበት ፍጥነት) ማጨለም የዕለት ሥራ ነው። ኮራል ላይም አሠራሩ ያው ነው፦ ሹተሩ የውኃውን ሰማያዊነት፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና የፍላሹ ኃይል ዓሣውን ይወስናሉ። ሰፊ ዕይታ ለማንሣት በ1/125፣ በኤፍ 8፣ በአይኤስኦ 200 መጀመር፤ ለጥቃቅን ነገር በማክሮ ሌንስ ወደ 1/200 እና ከኤፍ 11 እስከ ኤፍ 16 መሄድ። በካሜራው ውኃ መከላከያ ሳጥን ጠፍጣፋ መስታወት በኩል 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ውኃ ውስጥ እንደ 32 ሚሊ ሜትር ስለሚያይ፣ ለሰፊ ዕይታ ጉልላት የመሰለው መስታወት ያስፈልጋል።

ልዩነቱ ያለው ፍላሹ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ባሕር ንጹሕ ቢመስልም ጥቃቅን ብናኝ ይንሳፈፍበታል፤ ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ከሆነ ብናኙን ሁሉ አብርቶ ምስሉን ነጭ በነጭ ያደርገዋል። ፍላሾቹ ከካሜራው ጋር በተያያዘ ክንድ ላይ ሆነው ከሌንሱ ግራና ቀኝ 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ይርቃሉ፣ ከመስታወቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ፊታቸውም ጥቂት ወደ ውጭ ይዞራል፤ ዓሣውን የሚያገኘው የብርሃኑ ጠርዝ ነው። (እ.ኤ.አ. በ1926 ዊልያም ሎንግሊና ቻርልስ ማርቲን ፍሎሪዳ ውስጥ የመጀመሪያውን ባለቀለም የባሕር ውስጥ ፎቶ ሲያነሡ የማግኒዚየም ዱቄት ውኃው ላይ እያቀጣጠሉ ነበር። ከዚያ አንጻር የዛሬው ሰው ስለ ፍላሽ ክንድ ባያማርር ደስ ይለኛል።)

ዓሣ ማሳደድ ትርፉ ጅራት ነው። ማረፊያውን የማይለቅ ዓሣ መምረጥ ይሻላል፤ አኔሞን በሚባለው አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ ውስጥ የሚኖረው ባለሁለት ነጭ መስመር ክላውንፊሽ ደጋግሞ ወደዚያው ይመለሳል። ትልልቅ ዓሦች ትንንሾቹ ጥገኛ ተባይ እንዲለቅሙላቸው ረግተው የሚቆሙባቸው ቦታዎችም አሉ። በጎን፣ በዝግታ መቅረብ፤ ከዓሣው ዝቅ ብሎ ወደ ላይ ማንሣት፤ ዓይኑ ላይ ፎከስ ማድረግ። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ዓሣ ከኮራሉ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል፤ ጀርባው የተሠራው ለዚሁ ነው። አስጎብኚው እንስሳውን በዘንግ እየነካ «ላስተካክልልህ» ቢል እምቢ ማለት ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለሚመጡት ዌል ሻርኮች ደግሞ ይህ ሁሉ ይለወጣል። ሻርኮቹ የሚመጡት ለፕላንክተን (ውኃ ውስጥ ለሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) ነው፤ ፕላንክተን ካለ ውኃው ይደፈርሳል፤ ስለዚህ ፍላሽ ይጠፋል፣ ሰፊ ሌንስ ይገባል፣ ሹተሩ ከ1/250 በላይ ይሆናል። ከላይ በስኖርክል ብቻ፣ ከሰውነታቸው 3፣ ከጅራታቸው 4 ሜትር ርቆ።

ካሜራው ይኸው መጨረሻ ላይ መጣ። ውኃ የማያስገባው ሃውዚንግ ብዙ ጊዜ ከካሜራው እኩል ወይም በላይ ይወደዳል፤ ዕጣ ፈንታው ግን ኦሪንግ በሚባል አንድ የላስቲክ ቀለበት ላይ ነው። አንድ ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ይበቃዋል። ቅባቱ ላስቲኩ እንዲያበራ ያህል ብቻ ይቀባል፤ ከበዛ ቆሻሻ ይሰበስባል። መጀመሪያ ባዶውን ሃውዚንግ ማጥለቅ፣ ከዚያ ካሜራውን መክተት። ብዙው የሚያፈሰው ገና ከላይ፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ነው፤ ታች ግፊቱ ራሱ ክዳኑን አጥብቆ ይይዘዋል። የጅቡቲ ወበቅ ውስጥ የተዘጋ ሃውዚንግ ባሕር ሲገባ መስታወቱ ይደመናል፤ ኤሲ ባለበት ክፍል መዝጋትና ሲሊካ ጄል መጨመር መድኃኒቱ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ግን ከሁሉ የሚከብደው የመመለሻው ሰዓት ነው። የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሆነው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ከአንድ ተራ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለቀናት ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት ሳይሞላ ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ መውጣት አይገባም ይላል። ዝቅተኛ የባሕር ዳርቻ ከተማ የሚወርድ መንገደኛ ከአውሮፕላኑ ሲወጣ ወደ ባሕር ወለል ግፊት ይመለሳል። ቦሌ የሚወርደው ግን 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ ሐዋሳም 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ሲጠልቅ ደሙ ውስጥ ገብቶ የቀረው ናይትሮጅን ግፊቱ ሲቀንስ አደገኛ አረፋ ለመሥራት ከበረራው በኋላም ጊዜ አለው። በጋላፊ ድንበር በኩል በመኪና የሚመለስም አዳማ ሲደርስ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ ሕጉ አይለቀውም። የመጨረሻው ቀን የመጥለቂያ አይደለም። ሃውዚንጉ ተዘግቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጨው በሌለው ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ቁልፎቹ እዚያው እየተጫኑ ጨዋቸውን ይለቃሉ። ፋይሎቹ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለበጣሉ፣ ሊቲየም ባትሪዎቹም ከሚጫነው ሻንጣ ወጥተው የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ።