ወጣት ሁሉ ቴክኖሎጂ ያውቃል ያለው ማነው?

«የዘንድሮ ልጅ ስልክ ይዞ ነው የተወለደው» ሲባል ያልሰማ የለም፣ ወላጅም ይለዋል አስተማሪም ይለዋል። እንደ ሙገሳ ነው የሚባለው፣ ግን በዚሁ አባባል ብዙ ልጅ እየተጎዳ ነው ባይ ነኝ። ያውቃል ከተባለ በኋላ ማን ቁጭ ብሎ ያስተምረዋል?

እ.ኤ.አ. በ2001 ማርክ ፕሬንስኪ የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ወጣቶቹን «ዲጂታል ኔቲቭ» ብሎ ሰየማቸው፣ ማለት እነሱ የዲጂታሉ ዓለም ተወላጆች ናቸው ትላልቆቹ ደሞ ስደተኞች ነን ነው ነገሩ። አባባሉ ደስ ስለሚል ብዙ ትምህርት ቤት ሳይመረምር ተቀበለው። በኋላ ሲለካ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። አይሲልስ የሚባል የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ የሚፈትን ዓለም አቀፍ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018ቱ ዙር ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሱት 2 በመቶ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023ቱ ደሞ ከአውሮፓ ህብረት ተማሪዎች 43 በመቶ የሚሆኑት መሰረታዊ የሚባለውን ደረጃ እንኳን አላለፉም፣ እነዚህ እኮ አብዛኞቹ ቤታቸው ኢንተርኔት ያለ ልጆች ናቸው።

እስቲ አንድ ልጅ አስቡ። ስልኩ ላይ ቪዲዮ ቆርጦ ቀጥሎ፣ ሙዚቃ አስገብቶ፣ ጽሑፍ ጭኖበት በደቂቃዎች ይጨርሳል፣ ያየው ሁሉ ጎበዝ ይለዋል። ይሄንኑ ልጅ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡትና አምስት ገጽ ሪፖርት ጽፈህ ፒዲኤፍ አድርገህ በክፍሉ ሳይት ላይ አስገባ በሉት። በሁለት ጣት እየለቀመ ይጽፋል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ ከዛ ፋይሉ የት እንደገባ ይጠፋዋል፣ ዳውንሎድ ውስጥ ይሁን ዴስክቶፕ ላይ አያውቅም፣ ምክንያቱም ስልኩ ላይ ፎልደር የሚባል ነገር ከፍቶ አያውቅም፣ አፑ ራሱ ፈልጎ ያመጣለታል። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ልኮ ጨርሷል፣ መጠየቅ ደሞ ያሳፍራል። በመጨረሻ ምን ያደርጋል፣ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልካል። አስተማሪው ያንን ፎቶ ሲያይ ልጁ የቀለደበት ወይም የሰነፈ ይመስለዋል፣ ልጁ ግን ሪፖርቱን በደንብ ነው የጻፈው!

ሌላው የሚረሳው ነገር መቻልና መመቸት አንድ አለመሆናቸው ነው። ኮድ የምትጽፍ ልጅ ኦንላይን ክፍል ውስጥ ካሜራ ክፈቺ ስትባል ልትጨነቅ ትችላለች፣ ፕሮግራሙን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፣ ሰው ሁሉ ፊቷንና ቤቷን ማየቱ ስለሚከብዳት ነው። ረጅም ጽሑፍ ስክሪን ላይ ሲያነብ ሃሳቡ የሚበተንበትና ወረቀት ላይ ከሆነ ግን እያሰመረ የሚገባው አለ። በተቃራኒው ደሞ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ዝምተኛ ልጅ ቻት ላይ ሲሆን ከሁሉም የተሻለውን ጥያቄ ይጽፋል። ሁሉም እኩዮች ናቸው፣ ዕድሜ ብቻ አይቶ ይሄ ይመቸዋል ይሄ አይመቸውም ማለት አይቻልም።

የአቅርቦት ችግርም አለ በርግጥ። ዩኒሴፍና አይቲዩ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የቴሌኮም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሪፖርት ከ3 እስከ 17 ዓመት ያሉ 1.3 ቢሊዮን ልጆች ቤታቸው ኢንተርኔት የላቸውም ነበር፣ ከዓለም ልጆች ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። የእናቱን ስልክ ማታ ማታ እየተዋሰ የሚያጠናና የራሱ ላፕቶፕ ያለው ልጅ እኩል እንዲመቻቸው መጠበቅ ግፍ ነው።

ስለዚህ አስተማሪዎች እባካችሁ፣ ትምህርት ሲጀመር «ይሄን የማያውቅ አለ?» ብላችሁ አትለፉ፣ በጓደኞቹ ፊት አላውቅም ብሎ እጅ የሚያወጣ ወጣት የለም። በምን መሳሪያ እንደሚሰሩ፣ ምን እንደሚከብዳቸው ለየብቻ በወረቀት ይጻፉላችሁ። ፋይል ስም ሰጥቶ ማስቀመጥን፣ መልሶ ማግኘትን፣ መላክን እንደማንኛውም ትምህርት አስተምሯቸው፣ የሚያውቀው ቢደጋገምበት ምንም አይጎዳም። ማርክ ያለው ስራ ከማዘዛችሁ በፊት ደሞ ማርክ የሌለው አንድ ገጽ ይላኩ፣ ማን የት ጋ እንደሚቸገር ያኔ ይታያል፣ ለማገዝም ጊዜ ይኖራል።