ለክቡር የፍሬን መብራት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከፍጥነት ማሳያው ጎን፣ በዚያች ቀይ ክብዎ ውስጥ ቃለ አጋኖዎን ታጥቀው በደህና እንደሚገኙ አልጠራጠርም። እኔ ግን ደህና አይደለሁም።

የሱሉልታ ነዋሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የእንጦጦን ቁልቁለት ይዤ ወደ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። መንገዱን ያውቁታል። ከፊት ሲኖ፣ ከኋላ ሲኖ፣ መሐል ላይ እኔና እርስዎ።

ሜዳው ላይ ጭጭ ይላሉ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ቦግ! ኩርባው ላይ ብልጭ ድርግም። አዲሱ ገበያ ስንደርስ ደግሞ ምንም እንዳላየ ሰው ጥፍት። ጋራዥ ወሰድኩዎት። ልጁ ቁልፉን አዞረ፤ እንደ ወጉ ከሌሎቹ መብራቶች ጋር በሩና ወዲያው ጠፉ። «የታል ታዲያ? አይበራም እኮ!» አለኝ። በሰው ፊት ውሸታም አደረጉኝ።

ደግነቱ እዚያው ጋራዥ አመልዎን ጠንቅቀው የሚያውቁ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ኮፈኑን ከፈቱና የፍሬን ዘይት ዕቃዋን በባትሪ አዩ። ዘይቱ ታችኛው መስመር ላይ ደርሷል። «ውስጧ ተንሳፋፊ አለች» አሉኝ። «መኪናው ሲያዘቀዝቅ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ተንሳፋፊዋ ትወርዳለች። መብራቱ ይበራል። ሜዳ ላይ ዘይቱ ይመለሳል፣ መብራቱም ይጠፋል።» ለካ ከቁልቁለቱ ጋር ተመሳጥረው ኖሯል!

እስከዚያ ድረስ የሰፈር ምክር ሲያናውዘኝ ነው የከረመው። በእኛ ሰፈር መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም። አንዱ «የእጅ ፍሬኑን ስበህ በደንብ መልሰው» አለኝ። ይሄ እንኳ ወግ ያለው ምክር ነው። የእጅ ፍሬኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ከቀረ፣ ወይም ከሥሩ ያለችው ማብሪያ በአቧራ ከተያዘች፣ እርስዎ መብራትዎ አይቀርም። ሌላው «ዘይት ጨምርና እርሳው» አለ። ሦስተኛው ባሰ። «የሞተር ዘይትም ይሆናል፣ ዘይት ዘይት ነው» ብሎ እርፍ! ይህን ለአዛውንቱ ስነግራቸው በጨርቅ የሚጠርጉትን እጃቸውን አቆሙ። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒ፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ላስቲክ፣ አሳብጦ ጠቅላላውን ያበላሸዋል። የፍሬን ዘይትም እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። የፍሬን ሸራው ሲያልቅ እሱን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣል፣ ዘይቱም ተከትሎት ይወርዳል። ሸራው ደህና ሆኖ ዘይት ከጎደለ ደግሞ የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ሁለቱንም ሳያዩ ዕቃዋን መሙላት እርስዎን አፍ ማስያዝ ነው።

አፍ ስለማስያዝ ካነሳን፣ አራተኛው መካሪዬ «ፕላስተር ለጥፍበት» ያለኝን አልደብቅዎትም። ባይሰሙ ደስ ባለኝ። እንዲያውም አንድ ወንድምዎን የሚሸጥ መኪና ውስጥ አይቼዋለሁ። ቁልፉ ሲዞር ሌሎቹ መብራቶች ሁሉ ቦግ ሲሉ የእሱ ቦታ ጨለማ ነው። ነቅለውታል። ደላላው ግን «መኪናዋ ምንም መብራት የላትም፣ ንጹሕ ናት!» እያለ ይምላል። ነፍስ ይማር ወንድምዎን። መኪናዋን አልገዛኋትም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ክቡርነትዎ ለሁሉም ጉዳይ አንድ ፊት ነው ያለዎት። የእጅ ፍሬን ቢረሳም ቀይ። ቧንቧ ተቀዶ ዘይቱ አስፋልት ላይ ቢፈስም ያው ቀይ፣ ያው ቃለ አጋኖ። እኔ ሲኖ እየተከተለኝ ቁልቁለት ላይ የትኛው ነው ብዬ ልገምት? ጎማ እንዳይቆለፍ ከሚጠብቀው ከኤቢኤስ፣ ከቢጫው ጎረቤትዎ ጋር አብረው የበሩ ቀንማ የኋላ ጎማዎቼ ፍሬን ስረግጥ ሊቆለፉ ይችላሉ አሉ።

በዚህ ላይ ስለ ትልቁ አደጋ ትንፍሽ አይሉም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከእንጦጦ እስከ ታች ፍሬን እየረገጡ ለሚወርድ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል። ያን ጊዜ እርስዎ የት ነዎት? ዕቃዋ ሙሉ ናትና እንቅልፍዎን ይለጥጣሉ! ማርሽ ቀንሼ እንድወርድ፣ ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ እንድቀይር የነገሩኝ አዛውንቱ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ለማንኛውም የፊት ሸራዎቹ አልቀው ብረት ሊነኩ ደርሰው ተገኙ። ከሶማሌ ተራ ሸራ ገዝቼ አስገጥሜአለሁ፣ ዘይቱም ተቀይሯል። ክቡርነትዎም ከዚያ ወዲህ ጠፍተዋል። ነገ ጠዋት ኩርባዋ ላይ ብቅ ካሉ ግን እዚያው ዳር ይዤ ነው የማቆመው፣ ሲኖው የፈለገውን ያህል ክላክስ ያድርግ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኤቢኤስ መብራት፤ ከክቡር የፍሬን መብራት ጋር አብረው እንዳይታዩ
ለነዳጅ መብራት፤ እርስዎን ለምደናል
ለቼክ ኢንጅን መብራት፤ የእርስዎ ጉዳይ በሚቀጥለው ደመወዝ ይታያል