ማስተካከያ፦ ባለጥምዝ በርሜሉ ተሽከርካሪ አዲስ አይደለም፤ አስፋልትም አይወድም

ባለፈው ሳምንት ጎማ ስለሌለው፣ ዙሪያቸውን ብረት በተጠመጠመባቸው ሁለት በርሜሎች ስለሚሄድ ተሽከርካሪ ጽፌ ነበር። «የዘንድሮ ፈጠራ ነው፤ ከማሳ ተነስቶ በአስፋልቱ እህሉን ደብረ ማርቆስ ያደርሳል» ብያለሁ። ሁለቱም ስህተት ነው።

ፈጠራው ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቀረጸ የአሜሪካ ፊልም አለ፤ ፎርድሰን ትራክተር በጎማ ፈንታ እንዲህ ያለ በርሜል ተገጥሞለት በረዶ ላይ ሲሄድ ያሳያል። ሶቪየቶችም በ1970ዎቹ ዚል-2906 የተባለ ተመሳሳይ ማሽን ሠርተዋል፤ ራቅ ያለ ቦታ ያረፉ ጠፈርተኞችን ለማምጣት።

የአስፋልቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። በርሜሉ ላይ የተጠመጠመው ብረት እንደ ብሎን ጥርስ ለስላሳ ነገር ውስጥ ገብቶ ነው የሚገፋው። በረዶ፣ ረግረግ፣ ጭቃ ይመቸዋል። ጠንካራ መሬት ላይ ግን የሚነክሰው ያጣል። መንገዱን ይፍቃል፤ ብረቱም ያልቃል። ስለ ዚል የተጻፉ ቴክኒካዊ መግለጫዎች እንደሚሉት እሱ ራሱ ቦታው የሚደርሰው በባለጎማ መኪና ተጭኖ ነው።

ቢቸና ያሉ ወዳጆቼ ጽሑፌን አይተው ማሽኑን በጋራ ለመግዛት መዋጮ ጀምረው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። የቢቸናን የሐምሌ ዋልካ አውቀዋለሁ፤ ቦቲ ጫማ ውጦ በባዶ እግር ይሰድሃል። እዚያ ማሽኑ ይቀናው ይሆናል። ኮረኮንቹ ጋ ሲደርስ ግን ጭነቱን ለአይሱዙ አስረክቦ መቆሙ ነው። እባካችሁ መዋጮውን ለጊዜው ያዙት። የቀድሞውን ጽሑፍም አርሜዋለሁ።