ክርክር፦ ለጥሩ አምፕሊፋየር ክቡ ትራንስፎርመር ወይስ ባለ ላሜራው?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ጥራት ላለው የቤት አምፕሊፋየር ክቡ ትራንስፎርመር (ቶሮይድ) ከባለ ላሜራው ኢ-አይ ይመረጣል።» ደጋፊው ከባሕር ዳር፣ ተቃዋሚው ከደብረ ማርቆስ ይጽፋሉ። ለምሳሌ የተያዘው በ8 ኦም በየጎኑ 100 ዋት የሚሰጥ አምፕ ነው።

ከባሕር ዳር

100 ዋት በ8 ኦም ላይ 28.3 ቮልት ነው፤ ጫፉ 40 ይደርሳል። ትራንዚስተሮቹ የሚያስቀሩትንና ጭነት ሲመጣ የሚወርደውን ስንጨምር ፕላስና ማይነስ 45 ቮልት ግድም ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ 35 ቮልት የሚያወጣ (ወደ ዲሲ ተለውጦ ሲጣራ 1.4 ያህል እጥፍ ይሆናልና)፣ ለሁለቱ ጎን 400 ቪኤ (የቮልትና የአምፒር ብዜት) የሆነ ትራንስፎርመር እንይዛለን። እስከዚህ ማንም የሚከራከር አይመስለኝም።

የሚቀረው የኮሩ፣ ማለትም ሽቦው የሚጠመጠምበት ብረት፣ ቅርጽ ነው። ክቡ ኮር እንደ ጥብጣብ ያለ መገጣጠሚያ ስለተጠቀለለ ማግኔታዊ መስክ አያፈስም። ኢ እና አይ እየተባለ የተደረደረው ላሜራ ግን በየመገጣጠሚያው ያፈሳል፤ ያፈሰሰው 50 ኸርዝ የመግቢያው ሽቦ ላይ ያርፍና እምምም ማለት ይጀምራል። በገና ሲደመጥ ላይታወቅ ይችላል፤ እንዚራው ራሱ ይነዝራልና። ዋሽንት ላይ ግን ነፊው ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ይሰማል። ክቡ በዚያ ላይ ቀላልና ዝቅ ያለ ስለሆነ ለሣጥን ይመቻል።

ከደብረ ማርቆስ

«መስክ አያፈስም» ተብሎ ተጻፈ? ሽቦው ዙሪያውን እኩል ካልተሰራጨ፣ በተለይ ጫፎቹ በሚወጡበት በኩል፣ ያፈሳል። ኮሩ ሲጠግብማ፣ ማለትም ተጨማሪ መስክ መሸከም ሲያቅተው፣ አይጠየቅ።

የሚጠግበው ደግሞ በቀላሉ ነው። ጎረቤት የፀጉር ማድረቂያውን ግማሽ ኃይል ላይ ሲያደርገው፣ ብዙዎቹ በአንድ ዳዮድ ግማሹን ሞገድ ስለሚቆርጡ፣ መስመሩ ላይ ጥቂት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) ይፈጠራል። የ400 ቪኤ ክብ ትራንስፎርመር ፕራይመሪ (የመስመሩ ኤሌክትሪክ የሚገባበት ጥምጥም) ሦስት አራት ኦም ብቻ ነው፤ ግማሽ ቮልት ዲሲ ከ100 ሚሊ አምፒር በላይ ይነዳበታል። ያለ ጭነት የሚወስደው የራሱ ከረንት ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። ኮሩ የአየር ክፍተት ስለሌለው ወዲያው ጠግቦ ይጮኻል። ባለ ላሜራው በመገጣጠሚያዎቹ ባለችው ጠባብ ክፍተት ይችለዋል። ያው የተሰደበው መገጣጠሚያ!

ሌላም አለ። በክቡ ሰከንደሪው (ኤሌክትሪኩ የሚወጣበት ጥምጥም) በፕራይመሪው ላይ ተዘርግቶ ስለሚጠመጠም በመካከላቸው ያለው ካፓሲታንስ የመስመሩን ቆሻሻ ያሳልፋል። ሁለቱ ጥምጥሞች ጎን ለጎን በየክፍላቸው የተቀመጡበት ኢ-አይ ግን ያግደዋል። ምርጫው ለጀማሪም አይከብድም፤ ትራንስፎርመር በክብደቱ ይታወቃል። አንሥተህ መዝን፤ ከባዱን ውሰድ።

ከባሕር ዳር

በክብደቱ? ጋሼ፣ በግ ልንገዛ ወጣን እንዴ?

እኩል ኃይል ያለው ክብ ትራንስፎርመር የባለ ላሜራውን ግማሽ ያህል ብቻ ሊመዝን ይችላል። በእርስዎ ሚዛን ታዲያ ገና ከበሩ ተመለሰ ማለት ነው። ወፍራምና ርካሽ ላሜራም ይከብዳል፤ ሲሠራ ግን ያነድዳል። ከአሜሪካ ከመጣ ዕቃ የተፈታውም ይከብዳል፤ መለያውን ሲያዩት 60 ኸርዝ ይላል። በዚያው ቮልቴጅ 50 ኸርዝ ሲሰጡት በኮሩ ውስጥ ያለው መስክ በ20 በመቶ ይጨምርና ይጠግባል። ይህን ኪሎ ይነግረናል? ያስተምሩን እንጂ የኔታ።

ከደብረ ማርቆስ

«የኔታ» የተባለው ለሽሙጥ መሆኑ አልጠፋኝም። ሰሙ ስለ ኪሎ፣ ወርቁ ስለ ዕድሜዬ ነው። ይሁን። ስለ ዲሲው ግን አንዲት ቃል አልመለስክም።

ክብደት ያልኩት ብረትና መዳብ ነው፤ በቁጥር ከፈለግህ እነሆ። ለ400 ቪኤ ኢ-አይ የኮሩ መሐል 22 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሁን። 45 (ለ50 ኸርዝ የሚያዝ ቋሚ ቁጥር ነው) ለ22 ሲካፈል በቮልት 2.05 ዙር፣ ለ220 ቮልት 450 ዙር ይሆናል። ይህ በ1 ቴስላ (የመስክ ጥንካሬ መለኪያ) ነው፤ ሽቦ ቆጣቢው ዙር እየቀነሰ ወደ 1.4 ይወስደዋል፣ ከዚያ መጮህ ይመጣል። የፕራይመሪው ሽቦ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ በካሬ ሚሊ ሜትር 2.5 አምፒር ተብሎ። በፕራይመሪና በሰከንደሪ መካከል ስስ የመዳብ ቅጠል ይገባል፤ ጫፎቹ በወረቀት ተለያይተው ይደራረቡ እንጂ አይንኩ፣ ከተነካኩ በራሱ የተዘጋ አንድ ዙር ሆኖ ይቃጠላል። ከውጭ ኮሩንና ጥምጥሙን የሚታጠቀው የመዳብ ቀበቶ ግን ተበይዶ መዘጋት አለበት፤ የፈሰሰውን መስክ የሚያዳክመው ሲዘጋ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። በመጨረሻ ቫርኒሽ ይጠጣል።

ይህን የሚሠራ ሞተር ጠምጣሚ ከተማው ሁሉ አለ። ክቡ ሲቃጠል ማን ይጠመጥምልሃል?

ከባሕር ዳር

ክርክሩ ስለ ድምፅ ነበር፤ አሁን ስለ ጠምጣሚ ሆነ። ኪሎውም «ብረትና መዳብ» ተብሎ ስም ለወጠ።

ክቡ እንዳይቃጠል መግጠሙን ማወቅ ነው። መሐሉን የሚያልፈው ብሎን በአንድ ጫፍ ብቻ ሣጥኑን ይንካ፤ የላይኛው ጫፍ ክዳኑን ከነካ ያው እርስዎ ያሉት የተዘጋ ዙር ይሆናል። ከላይም ከታችም የጎማ ዝርግ ይደረግ፣ ብሎኑም ሽቦውን እስኪጨፈልቅ አይጠበቅ። ሲበራ የሚስበው ከረንት ፊውዝ እንዳይበጥስ 47 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በፕራይመሪው መንገድ ይገባል፤ ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ሬዚስተሩን ወደ ጎን ትቶ ከረንቱን ያሳልፋል። ፊውዙ ዘገምተኛው ዓይነት፣ 3.15 አምፒር።

ለሁለቱም ቅርጽ የሚሆን አንድ ነገር፦ ሌሊት መስመሩ ወደ 240 ሲወጣ 35 ቮልቱ 38 ይሆናል፤ ሲጣራ 54፣ ጭነት ከሌለ 56 ይደርሳል። 50 ቮልት ካፓሲተር የገጠመ ሰው ሲፈነዳበት ትራንስፎርመሩን ይወቅሳል። 63 ይግጠም።

ከደብረ ማርቆስ

ስለ ዲሲው ለሁለተኛ ጊዜም ዝም ተባለ። እንግዲያው እኔው ልጻፍልህ፦ በመስመሩ ላይ ሁለት 10,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተሮች ተቃራኒ ሆነው በተርታ፣ ጎናቸው በቂ አምፒር የሚችል ብሪጅ ዳዮድ። ዋጋውን ከሪሌውና ከሬዚስተሩ ጋር ደምረህ ነው «ክቡ ይሻላል» የሚባለው።

ስትገዛም የተለጠፈውን ቪኤ አትመን። በመጀመሪያ 100 ዋት አምፖል በተርታ አድርገህ አብራው፤ ያለ ጭነት አምፖሉ ቦግ ካለ ውስጡ ተነካክቷል። ቀጥሎ በ500 ቮልት ሜገር (ሽፋኑ ኤሌክትሪክ ማገዱን የሚለካ መሣሪያ) ፕራይመሪውን ከሰከንደሪውና ከኮሩ ለካ፤ አዲስ ዕቃ ከ100 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ መልሰው። ከዚያ ያለ ጭነት በ220፣ ቀጥሎ በ240 ከረንቱን አንብብ፤ በዚህች ጭማሪ እጥፍ ከሆነ ኮሩ አፋፍ ላይ ነው። በመጨረሻ ሁለት ሰዓት አሠርተህ፣ ነቅለህ፣ የፕራይመሪውን ኦም ለካ። በ10 በመቶ ከጨመረ ሽቦው 25 ዲግሪ ያህል ሞቋል፤ ይህ ደህና ነው። በ25 በመቶ ከጨመረ ከ60 ዲግሪ በላይ ሞቋል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃ ቶሎ አይበርድም፤ እኔ አልወስደውም።

ከባሕር ዳር

ካፓሲተሮቹንም ሪሌውንም ደመርኩ፤ የመዳብ ቀበቶውና የቅጠሉ ዋጋም በእርስዎ በኩል ይደመር። አሁን በጻፉት ፈተና ውስጥ ሜገር አለ፣ አምፖል አለ፣ ኦም መለኪያ አለ። ሚዛን የለም።