ሃለን ያወቋት ከአፈሯ ጀምረው ነው

የካራምባ ዲያቢ ስም በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ይቀድማል፤ አፍሪካ ተወልደው የጀርመን ፓርላማ፣ ቡንደስታግ፣ የገቡ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው መሆናቸው። ልክ ነው። በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሶሻል ዴሞክራቶቹ ፓርቲ በኤስፔዴ በኩል ገቡ። ከዚያ በፊት ምን ሲሠሩ እንደነበረ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አያጋጥመኝም። ጀርመን የምንኖር ኢትዮጵያውያንን የሚጠቅመን እሱ ይመስለኛል።

ዶክተር ዲያቢ በ1961 ደቡብ ሴኔጋል ውስጥ ማርሳሱም በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው የሞቱት እሳቸው ሕፃን ሳሉ ነው፤ አባታቸውንም በልጅነታቸው አጡ። ያሳደገቻቸው እህታቸው ናት። ዳካር ዩኒቨርሲቲ እያሉ የምሥራቅ ጀርመን ስኮላርሺፕ አገኙና ላይፕሲግ ገብተው በሄርደር ተቋም ጀርመንኛ ተማሩ። ይህችን መንገድ የሚያውቋት ኢትዮጵያውያን አሉ። በደርግ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት የተላኩ ብዙ ልጆቻችንም «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» እያሉ ጀርመንኛ መማር የጀመሩት እዚያው ላይፕሲግ ነበር።

ቀጥለው ኬሚስትሪ ሊያጠኑ ሃለ የምትባል ሌላ የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ገቡ። እዚያ እያሉ የተቀበላቸው አገር ራሱ ፈረሰ። በ1989 የበርሊን ግንብ ወደቀ፣ በ1990 ምሥራቅ ጀርመን የሚባል መንግሥት ከካርታ ጠፋ። እሳቸው ሃለ ቀሩ።

ለዶክትሬታቸው የመረጡት ርዕስ ደስ ይለኛል። ጀርመን የኖረ ሰው ክላይንጋርተን ምን እንደሆነ ያውቃል። ከተማው ዳር በትንሽ በትንሹ ተሸንሽኖ የሚከራይ የአትክልት ቦታ ነው። አንዲት ጎጆ አለችው። ጡረተኛው ቲማቲም፣ ድንችና እንጆሪ ያበቅልበታል። ሃለ ደግሞ እንደ ሎይና ባሉ ትልልቅ የኬሚካል ፋብሪካዎች አካባቢ ያለች ከተማ ናት፤ ቤቱም ፋብሪካውም የሚሠራው በድንጋይ ከሰል ነበር። ስለዚህ ሰው በገዛ እጁ ያበቀለው አትክልት በካይ ነገር ይኖርበት ይሆን የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ዲያቢ ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ በሃለ የአትክልት ቦታዎች አፈር ውስጥ ያለውን ብክለት። ዲግሪውን በ1996 ያዙ። ፓርላማ ከመግባታቸው 17 ዓመት ቀደም ብለው ማለት ነው። የአንድን ከተማ ጓሮ አፈር የመረመረ ሰው ስለዚያች ከተማ ሲናገር የሚሰማው አያጣም።

ዜግነት ያገኙት በ2001 ነው። የስደተኞች ምክር ቤቶች አገር አቀፍ ኅብረት ሊቀ መንበር ሆነው ሠርተዋል። በ2009 የሃለ ከተማ ምክር ቤት ገቡ። ከአራት ዓመት በኋላ ነው በርሊን የሄዱት። ያውም በፓርቲው ዝርዝር። ለማያውቀው ላስረዳ፤ ጀርመን ውስጥ መራጩ ሁለት ድምፅ አለው። አንዱን ለአካባቢው ዕጩ ይሰጣል፣ ሌላውን ለፓርቲ። የዲያቢ ስም ሃለ ባለችበት ክፍለ ግዛት፣ በዛክሰን አንሃልት፣ የፓርቲው ዝርዝር ላይ ስለነበር በፓርቲው ድምፅ አለፉ። በ2017ም የገቡት በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ወደኛ ልምጣ። ፍራንክፈርትም በሉት በርሊን፣ የአገር ቤት ጉዳይ ሲነሳ አዳራሽ እንሞላለን። ሰልፍ እንወጣለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን። ጥሩ ነው፤ አገራችን ነው። ልጆቻችን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት፣ የምንከራየውን ቤት በሚመለከት ውሳኔ የሚሰጠው የከተማ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ግን ማናችንም የለንም። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ገብቶ ማዳመጥ ይቻላል። የኤስፔዴ አባል ለመሆን የጀርመን ፓስፖርት ግዴታ አይደለም። ፍራንክፈርትን በመሳሰሉ ከተሞች የውጭ ዜጎች የሚመርጡት የራሳቸው ምክር ቤትም አለ። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ደጅ መቆማችን ያንገበግበኛል።

ይህን ስናገር ወዳጆቼ አንድ መልስ አላቸው። «የዲያቢን መጨረሻ አላየህም?» ይሉኛል። አይቻለሁ። በጥር 2020 የሃለ ቢሯቸው መስኮት ላይ የጥይት ቀዳዳ ተገኘ። በዚያችው ከተማ አንድ ታጣቂ ምኩራብ ውስጥ የነበሩ አይሁዶችን ሊገድል ሞክሮ ሁለት ሰው ከገደለ ሦስት ወር አልፎት ነበር። በ2023 ቢሯቸው በእሳት ተለኮሰ። ዘረኛ ደብዳቤና የግድያ ዛቻ ይደርሳቸው ነበር፤ ሠራተኞቻቸውም አልቀረላቸውም። በሐምሌ 2024 ደግሞ ዳግም እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። ለቤተሰባቸው ጊዜ ለመስጠትና ለወጣቶች ቦታ ለመልቀቅ እንደሆነ ተናገሩ፤ «አማራጭ ለጀርመን» የሚባለው ቀኝ አክራሪ ፓርቲ በ2017 ከገባ ወዲህ የምክር ቤቱ አነጋገር መክረሩንም አልደበቁም። በየካቲት 2025ቱ ምርጫ ያ ፓርቲ 20.8 በመቶ አገኘ፤ ኤስፔዴ 16.4 በመቶ።

ስለዚህ የወዳጆቼ ፍርሃት ይገባኛል። ልጅ ያለው ሰው «ተዉኝ» ቢል አልፈርድበትም። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይዘሉታል። ጥይቱ የተተኮሰው በ2020 ነው። በመስከረም 2021 ዲያቢ እንደገና ተወዳደሩ፤ በዚህኛው ጊዜ ዝርዝሩ አላስፈለጋቸውም። የሃለ ሰው ያቺን ለአካባቢው ዕጩ የሚሰጣትን ድምፅ ለእሳቸው ሰጠ፤ ሌሎቹን ዕጩዎች ሁሉ አሸንፈው የከተማዋን ወንበር በቀጥታ ወሰዱ።