«ይገጥማል» አይበቃም፤ ጥርሱን ቁጠሩ!

ወገን፣ ይሄ ነገር መቆም አለበት። ሰው የሞተሩ ሰንሰለት አልቆበት ዕቃ ሊገዛ ይሄዳል፤ «የ150 ሲሲ ነው፣ ይገጥማል» ተብሎ ካርቶን ይሰጠዋል። መካኒኩም ሳይቆጥር ያስራል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ አስፋልት ላይ 80 ሲደርስ ይጮሃል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ ቤንዚን አይበቃውም። ቀጥሎ ሞተር ይፈታል! ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀየራል፣ ቫልቭ ይስተካከላል፣ ብር ይፈሳል። ጥፋቱ ግን የፊት ስፕሮኬት (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ላይ ያለ አንድ ጥርስ ነው። ባለ 14ም፣ ባለ 15ም፣ ባለ 16ም እዚያው ዘንግ ላይ ይገባሉ፤ ስለገባ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ሂሳቡ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። ከፊት 15፣ ከኋላ 43 ጥርስ ያለው ሞተር በመጨረሻው ማርሽ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ዙር ቆጣሪው 7200 ያሳያል እንበል። የፊቱን 14 ካደረጋችሁት 7200ን በ15 አባዙና ለ14 አካፍሉ፤ 7700 ገደማ ይመጣል። በደቂቃ 500 ዙር ተጨመረ ማለት ነው፣ በሰዓት ደግሞ 30 ሺህ! 16 ካደረጋችሁት 6750 ይሆናል። የኋላው በተቃራኒው ነው፤ ጥርሱ ሲበዛ ሞተሩ ይጮሃል፣ ሲያንስ ይረጋጋል። ከፊት አንድ ጥርስ መጨመር ከኋላ ሦስት ያህል ከመቀነስ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የፊቷን ትንሿን «አንድ ጥርስ ምን ለውጥ ያመጣል» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው።

ሌላው የሚያንገበግበው ምክር ደግሞ «የፊቱን አሳድገው፣ ፀጥ ይልልሃል» የሚለው ነው። ሰውየው የት እንደሚነዳ፣ ምን እንደሚጭን ማንም አይጠይቀውም። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ይደክማል፤ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል። በባሕር ጠለል ላይ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ 9 ቢቀረው ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ነው፤ እዚያ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በዚያ መንገድ ሰው ጭኖ ባለ 16 የገጠመ፣ አምስተኛ ማርሽ ጌጥ ሆኖበት ይቀራል። ዳገት ብቻ ሳይሆን ትንሽ የፊት ነፋስም ያቆመዋል፤ ነፋስን ለመቅደድ የሚጠይቀው ጉልበት ከ80 ወደ 90 ስትሄዱ 40 በመቶ ያህል ይጨምራልና። ከሞጆ ወደ ዝዋይ ባለው ሜዳ ብቻውን ለሚመላለስ ግን ያው ባለ 16 ሊስማማው ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ ሜዳ ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻ ሰጥታችሁ በአራተኛ የምትደርሱበትን ፍጥነት በአምስተኛ መያዝ ካቃታችሁ የፊቱ ጥርስ ከልክ በላይ በዝቷል፤ መልሱት።

ደግሞስ ዙርን እንደ በሽታ መፍራት ከየት መጣ? ብዙዎቹ 150 ሲሲ ሞተሮች ሙሉ ጉልበታቸውን የሚሰጡት ከ7500 እስከ 8500 ዙር ላይ ነው። የዙር ቆጣሪው ቀይ መስመር 9000 ላይ ከጀመረ 6500 ላይ ረጅም መንገድ መሄድ ሞተሩን አይገድለውም፤ የዘይቱን መጠን በየ500 ኪሎ ሜትሩ እያያችሁ ከሆነ። የሚጎዳው በአምስተኛ ማርሽ 3000 ዙር ላይ ጋዙን ጠምዝዞ ዳገት ማስወጣት ነው። ዘይት ፓምፑ የሚዞረው በሞተሩ ዙር ነው፤ ዙሩ ሲወርድ ዘይቱም ይቀንሳል፣ ጭነቱ ግን በሙሉ ኩሽኔታው ላይ ይወድቃል። ሲያቃስት ማርሽ ቀንሱለት!

መካኒኮች፣ እባካችሁ። አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት በቤንዚን እጠቡትና ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። ከጠፋ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሰንሰለቱም ባለ 428 ይሁን ባለ 420 እዩ፤ የሁለቱም እርምጃ (ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት) 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይመሳሰላሉ፣ ስፋታቸው ግን ይለያያል። የሰንሰለቱን 20 እርምጃ ወጥራችሁ ለኩ፤ አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ነው፣ 259 ከደረሰ አልቋል። ያለቀ ሰንሰለት ላይ አዲስ ስፕሮኬት ማሰር አዲሱን መግደል ነው፤ ሰንሰለቱና ሁለቱ ስፕሮኬቶች አብረው ይቀየሩ። የፊቱን በአንድ ጥርስ ስታሳድጉ የኋላው ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደፊት ይመጣል፤ የፔርኖውን (የኋላ ጎማ ዘንጉን) ዳዶ አላሉና የሰንሰለቱን ልቅነት መሃል ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አድርጉት፣ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካላለ። የፊቱን ስፕሮኬት ክዳን ከመዝጋታችሁ በፊት ጎማውን በእጅ አዙሩ፤ ያደገው ስፕሮኬት ሰንሰለቱን ከክዳኑ ጋር ሊያፋትገው ይችላል።

ጥርሱ ትክክል ሆኖም ከጮኸ ወደ ፒስተን አትሩጡ። በመጨረሻው ማርሽ በ50 እየሄዳችሁ ጋዙን በአንዴ ስጡ። ዙሩ ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው። መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን ገመድ እዩ፤ መያዣው ጫፍ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ልቅ ካልሆነ በዚያው ይስተካከላል፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ።